የስለቱ ዓመት ያለቀበት ሳምንት

ባሌ ኤሊሂዮ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። ይኼን ስል ሴቶቹ ሁሉ «ታድለሽ» ይሉኛል። እስቲ ይውሰዱትና ይሞክሩት። ቃሉን የማያጥፍ ሰው ማለት አንድ ዓመት አልጠጣም ካለ አንድ ዓመት የማይጠጣ፣ ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ የሚጠጣ ሰው ማለት ነው። አታላይ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አታላይ ሰውን በነገር ትይዢዋለሽ፤ እሱን በምን ልያዘው?

አምና በጥር ልጃችን ዮካስታ በደንጊ ትኩሳት ወደቀች። ከድዷና ከአፍንጫዋ ደም ይፈስ ጀመር። ሐኪሞቹ እኔን ኮሪደር ላይ አስቁመው «ጸልዩ» ሲሉኝ፣ ኤሊሂዮ የጋራዥ ልብሱን እንኳን ሳያወልቅ አውቶቡስ ተሳፍሮ ኢጉዬይ ሄደ። እኛ አገር የጨነቀው ሰው ወደዚያ ነው የሚሮጠው፤ ወደ አልታግራሲያ እመቤት፣ ስናቆላምጣት ታቲካ ወደምንላት። ዕለቱም በዓሏ ነበር። ከሥዕሏ ፊት ተንበርክኮ «ልጄን መልሺልኝ፤ እኔም እስከሚመጣው በዓልሽ ድረስ የመጠጥ ጠብታ በአፌ አይዙር» ብሎ ተሳለ። ልጄ በሦስተኛው ቀን ሾርባ ጠየቀች። እሱም ሠላሳ ዓመት የጠጣውን ሩም እንደ አሮጌ ጫማ ወርውሮ ተወው።

ሚያዝያ ላይ ሆዱ ተነፋብኝና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፣ ፊቷ ላይ ግን ቀልድ የሚባል ነገር የለም። «ጉበቱ አልቋል። እስካሁን ያቆየው መጠጥ መተዉ ነው። እንደገና ከጀመረ ዓመት አይሞላውም» አለችን፣ እሱም እኔም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን። «እሺ ዶክተር» አላት በትሕትና። መንገድ ላይ «ሰምተሃል አይደል?» ስለው፣

«እኔ የተሳልኩት ለታቲካ ነው እንጂ ለዶክተር አይደለም» አለኝ።

እኔ እንግዲህ ከሚያዝያ ጀምሮ ጥርን ስፈራ ከረምኩ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የእኔው ደግሞ ቀኑ ተቆርጦለት፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ተጽፎ ነው የመጣው።

ዮካስታ ሳንቲያጎ ከተማ ስልክ ኩባንያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ታኅሣሥ ላይ ኮቱዊ ቤታችን መጥታ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። «ማሚ፣ ፓፒ፣ ባባሮ ሆቴል ይዤላችኋለሁ። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ። ኢጉዬይ ከዚያ አንድ ሰዓት ነው፤ ረቡዕ በበዓሉ ቀን ሄደን የፓፒን ስለት እናስገባለን፣ የቀረውን ጊዜ ባሕር ዳር እናርፋለን። ምግቡም መጠጡም ባንድ ላይ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ የፈለጋችሁትን ያህል።»

«መጠጡም?» አልኳት።

«ሁሉም፣ ማሚ።»

ስለ ጉበቱ ነግሬያታለሁ። ግን አባቷን አንድ ዓመት ሙሉ ጥፍሩን ቆርጦ፣ ሸሚዙን አስገብቶ፣ እሑድ እሑድ ቤት ተቀምጦ ስላየችው ለዘላለም እንዲያ የሚሆን መስሏታል። ልፈርድባት አልችልም። እኔም አንዳንድ ቀን ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ደረስን። ገና ከአውቶቡሱ ሳንወርድ አንዲት ልጅ በትሪ ቀይ መጠጥ ይዛ ጠበቀችን። ኤሊሂዮ ሽታውን ብቻ ሳብ አድርጎ «እስከ ረቡዕ፣ ልጄ» አላትና የአናናስ ጭማቂ አዘዘ። ቀጥሎ በየእጃችን ሰማያዊ የፕላስቲክ አምባር አሰሩልን። በመቀስ ካልሆነ አይወልቅም። ያን አምባር ያሰረ ሰው ከየትኛውም ባንኮኒ ሄዶ እጁን ማሳየት ነው፤ ማንም «ስንተኛህ ነው?» አይለውም።

ባንኮኒዎቹን ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። አንዱ መዋኛው ውስጥ ነው፤ ሰው እስከ እምብርቱ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠጣል። እንዲህ ዓይነት ጉድ አይቼ አላውቅም። ባሕሩ አጠገብ በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ሌላ አለ፤ ኤሊሂዮ የመረጠው እሱን ነው። እዚያ የሚቀዳው ዊልኪን የሚባል የሳማና ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ የእንግዳውን ሁሉ ስም ባንድ ጊዜ የሚይዝ።

«ዶን ኤሊሂዮ፣ ሳማና ያደገ ሰው አናናስ ሲቀዳ እጁ ያፍራል» ይለዋል።

«እስከ ረቡዕ ይፈር፣» ይላል ባሌ፤ «ረቡዕ ክንድህ እስኪዝል ትታዘዘኛለህ።»

እሑድ ሰኞ እንዲህ ሲባባሉ ዋሉ። ኤሊሂዮ እንደሆነ ሰው ይወዳል፣ ሰውም ይወደዋል። ከኬቤክ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችን ዶሚኖ አስተምሮ፣ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደሚያጮሁት ሳይቀር አሳይቶ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ወንድሞቹ አደረጋቸው። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ አንዲት ቃል ብቻ አስተማራቸው፣ «ረቡዕ» የምትለዋን። ፎጣ የምታድለዋ ልጅ፣ አትክልተኛው፣ ጠዋት ጠዋት የፕላንቴን ሙዝ ገንፎውን ጨልፋ የምትሰጠን ወፍራም ሴትዮ፣ ሁሉም ባሌን ሲያዩ ጣታቸውን ቀስረው «ረቡዕ፣ ዶን ኤሊሂዮ» ይሉታል። ለእነሱ ጨዋታ ነው። እኔ ቀን እቆጥራለሁ።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ዮካስታን ከዘንባባው ጥላ ሥር ያዝኳት።

«ልጄ፣ ማክሰኞ ወደ ቤት እንመለስ። ኢጉዬይ ከቤት ተነሥተን እንሄዳለን።»

«ማሚ፣ አንቺ ደግሞ። ዓመት ሙሉ ታገሠ፤ ለበዓሉ አንዲት ብርጭቆ ቢጠጣ ምን ይሆናል?»

«አባትሽ አንዲት የሚባል ቁጥር ያውቃል?»

«ተለውጧል።»

«የተለወጠው ቀኑ ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

«ሟርተኛ» ብላ ሳመችኝና ወደ ባሕሩ ሮጠች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ስትሮጥ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነው የምትመስለው። በሕይወት ስላለች ብቻ ልቆጣት አልቻልኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ኤሊሂዮ ሲላጭ ዊልኪን ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ሁሉን ነገርኩት፤ ጉበቱን፣ ሐኪሟን፣ ስለቱን። የልጁ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ዶኛ ኑሪስ፣ እኔ አባቴን በዚሁ ነው የቀበርኩት። ግን አምባር ላሰረ እንግዳ የለም ማለት አልችልም። እኔ ብከለክላቸው ደግሞ ሌላ አሥር ባንኮኒ አለ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እንግዳ መቀበያውን ይጠይቁ። የልጆች አምባር አለ፣ ብርቱካናማ። እሱን ላሰረ ሰው አልኮል አንቀዳም፣ የትም።»

ሮጬ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሴትዮ አንገቷ ላይ መሐረብ አስራ፣ በፈገግታ አዳምጣኝ፣ በፈገግታ «ለአዋቂ የምናስረው ራሱ መጥቶ ሲፈርም ብቻ ነው፣ ሴኞራ» አለችኝ። ፈገግታዋን በጥፊ ባጠፋሁት ደስ ባለኝ። ግን ምን አጠፋች? ደግ ሆና አንዱን አምባር ሰጠችኝ፣ እሺ ካለ ይዤው እንድመጣ።

ለኤሊሂዮ አሳየሁት። መጀመሪያ እስኪያስለው ሳቀ። «ኑሪስ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ለአይስክሬም ልሰለፍ?» ቀጥሎ ግን ምላጩን አስቀመጠና በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ ወይስ አልጠበቅኩም?»

«ጠብቀሃል።»

«አንዲት ቀን ሸርፌያለሁ?»

«አልሸረፍክም።»

«እንግዲያው እንደ ሌባ አትጠብቂኝ።»

እውነቱን ነው። አምባሯን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፤ ቀኑን ሙሉም ከእሱ ጋር ባሕር ዳር ተቀምጬ ማዕበሉን ሳይ ዋልኩ።

ረቡዕ ጠዋት በሆቴሉ አውቶቡስ ኢጉዬይ ገባን። ከተማው ሰው በሰው ላይ ነበር። ከምሥራቅ በፈረስ የመጣ፣ ከተራራው በእግሩ የመጣ፣ ከበሩ ጀምሮ በጉልበቱ የሚሄድ፤ ሻማ ሻጭና ብርቱካን ሻጭ እየተጋፋ ይጮኻል። ሦስት ሰዓት ያህል ተሰልፈን ከሥዕሏ ፊት ደረስን። ኤሊሂዮ ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከ። «ታቲካ፣ ልጄን ሰጠሽኝ፤ እኔም ያልኩትን ሞላሁ። አንቺም እኔም ቃላችንን ጠብቀናል» አላትና የሥዕሏን መስተዋት ሳመ። አጠገባችን የነበረች አሮጊት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ በሌላ ምክንያት።

ደጅ ስንወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። እንደ ሙሽራ ነው የሚሄደው። ክንዱን ይዤ ከዛፍ ሥር አስቆምኩት። ዮካስታ ትንሽ ራቅ ብላ ከጋሪው ብርቱካን ታስልጥ ነበር።

«ኤሊሂዮ፣ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም።»

«ሁልጊዜ ነው የምትለምኚኝ» አለ እየሳቀ።

«ተመለስና ሌላ ዓመት ተሳል።»

«ለምን ብዬ?»

«ለእኔ ብለህ።»

ሳቁን አቆመ፤ ግን አልተቆጣም። ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ ነገረኝ። «ስለት እንዲሁ አይሳሉትም፣ ኑሪስ። መጀመሪያ የምትለምኚው ነገር ይኖራል። እኛ ምን አለን? የታመመ የለ፣ የታሰረ የለ፣ በጀልባ ወደ ፖርቶሪኮ የተሻገረ የለ። ምንም ሳልፈልግ ፊቷ ብቆም ‹ኤሊሂዮ፣ ትቀልድብኛለህ እንዴ?› ነው የምትለኝ።»

«ጉበትህስ?»

«ጉበቴ የእኔ ነው። ሰው ለራሱ ሥጋ እመቤትን አያስቸግርም።»

ያኔ ያሰብኩትን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዮካስታ ብርቱካኗን እየመጠጠች ከሻጩ ጋር ትሳሳቅ ነበር። ጉንጮቿ ሞልተው፣ ዓይኖቿ ጠርተው። እኔ ፊቷን አየሁና ትንሽ ትኩሳት ቢኖራት ብዬ ተመኘሁ። ትንሽ ብቻ፣ አባቷን የምታስደነግጥ ያህል። እኔ እናቷ። አምና በዚህ ቀን ኮሪደር ላይ «እኔን ግደለኝ» ስል የነበርኩት። ወዲያው በራሴ ደንግጬ አፌን ያዝኩ፤ ከእሷስ በእኔ ይሁን አልኩና ከአፌ ወጣ።

«ጡቴ ውስጥ እብጠት አግኝተውብኛል።»

የኤሊሂዮ እኅት ሚሌዲስ በዚህ በሽታ ነው የሞተችው። አሥራ አራት ወር እኛ ቤት ተኝታ፣ በእጃችን ነው ያለቀችው። ይኼን እያወቅኩ ነው የዋሸሁት፤ የሚያምነኝ በዚህ ብቻ ስለሆነ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት።

«መቼ?»

«ታኅሣሥ ላይ። ሳምንታችሁን እንዳላበላሽ ብዬ ነው።»

ባርኔጣውን እጄ ላይ ጥሎልኝ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሮጠ። ልከተለው ስል እጁን አወናጨፈብኝ። ፀሐዩ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመ። ዮካስታን «ሻማ ሊያበራ ተመልሶ ነው» ብዬ ሻጮቹን እንድታይ ላክኋት። እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሸቴን ንስሐ እገባበታለሁ፣ እሱ ግን አንድ ዓመት ይኖራል አልኩ። ከዚያ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ሰበብ ፈልጌ።

ዓይኖቹ ቀልተው ተመለሰ። ጉልበቱ ላይ የድንጋይ ዱቄት ነበረበት፤ ከበሩ ጀምሮ በጉልበቱ ሄዷል ማለት ነው።

«ምን ተሳልክ?» አልኩት።

«በእግሬ ልመጣ። ከኮቱዊ፣ ከቤታችን ደጃፍ እስከዚህ፣ በባዶ እግሬ። ታቲካ አንቺን ከተወችልኝ በየዓመቱ፣ እስክሞት።»

«መጠጡስ?»

«የምን መጠጥ?»

«መጠጥ አልጠጣም አላልካትም?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «እሱንማ አምና ሰጥቻታለሁ። የዮካስታ ደንጊ በእሱ አለቀ። አንዴ የሰጠሁትን ደግሜ ልስጣት? እመቤት ናት እኮ። ላንቺ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ነው ያመጣሁት።»

ከዛፉ ሥር ቁጭ አልኩ። እሱ ሕመሙ መሰለውና ደግፎ አነሣኝ። ዮካስታ ሌላ ብርቱካን ይዛ ስትመጣ ነገራት። እኔ «ቆይ፣ አትንገራት» ከማለቴ በፊት ነገራት። ብርቱካኑን ጣለችው።

በመልሱ መንገድ ኤሊሂዮ እጄን ሁለት እጁ ውስጥ ይዞ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ዮካስታ ከኋላችን ሳንቲያጎ እየደወለች፣ እየተንሰቀሰቀች፣ ሐኪም ትፈልግልኝ ነበር። «ለነገ ጠዋት፣ እባክዎ፣ እናቴ ናት» ስትል ሰማኋት። ዞር ብዬ ውሸት ነው ልላት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ግን ኤሊሂዮ እጄን ይበልጥ ያጠብቅ ነበር፤ እኔም ፍርሃቱ እንኳን እስከ ቅዳሜ ቢያቆየው ብዬ ተውኩት። የፈራ ሰው አይጠጣም ብዬ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ይኼን ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል።

ሆቴሉ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ኤሊሂዮ ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ ወደ ክፍላችን ሳይሆን፣ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ ሄደ። እኔና ዮካስታ ተከተልነው። የዊልኪን ባንኮኒ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ሰቅለው፣ የኬቤክ ሽማግሌዎች የወረቀት ቆብ አድርገው ይጠብቁት ነበር። ሲያዩት አጨበጨቡ። ዊልኪን አላጨበጨበም። እኔን ነው የሚያየው።

«ዛሬ ለበዓል አይደለም፣ ወንድሞቼ» አለ ኤሊሂዮ ተቀምጦ። «ዊልኪን፣ ሩም። በረዶ አትጨምር።»

«ዶን ኤሊሂዮ፣ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ቢቀምሱ። ዓሣ ላስመጣልዎት?»

ባሌ አምባሩን አሳየው። ልጁ ቀዳ።

«ተነሥ፣ ኤሊሂዮ» አልኩት። «በልጅህ ይዤሃለሁ፣ ተነሥ።»

«ኑሪስ፣ ዛሬ ተይኝ። ሚሌዲስን ያስታመምኩት ጠጥቼ ነው። አንቺን በደረቁ ማስታመም አልችልም።»

ጠጣው። በአንድ ትንፋሽ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ እንደሚስም። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ዮካስታ አጠገቡ ቆማ ትከሻውን ታሻሻለች፤ ተው አላለችውም፤ አባቷ ለእናቷ ሲያለቅስ እንዴት ተው ትለዋለች? ሦስተኛው ሲቀዳ ብርጭቆውን ከእጁ ላይ ያዝኩ።

«ዋሽቼ ነው» አልኩ። «እብጠት የለብኝም። ሐኪም ቤትም አልሄድኩም። እንድትሳል ብዬ የፈጠርኩት ነው። ኤሊሂዮ፣ ምንም አላመመኝም፣ አስቀምጠው።»

ዮካስታ «ማሚ» አለች። ኤሊሂዮ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«በታቲካ ማይልኝ።»

«በታቲካ። በልጄ ዕድሜ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ይምታኝ፣ ይስደበኝ፣ ጥሎኝ ወደ ክፍሉ ይሂድ፤ ሁሉንም ፈልጌው ነበር። እሱ ግን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ቀና ሲል ይስቅ ነበር። ጎትቶኝ አንገቴ ሥር ገባ፤ ሩሙ ትኩስ ትኩስ ይሸተኛል። ዮካስታም ከኋላ አቀፈችን፣ እሷም እየሳቀች እያለቀሰች። የኬቤክ ሽማግሌዎች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እንደገና አጨበጨቡ።

«አየሽ ታቲካን?» አለኝ ጆሮዬ ላይ። «ገና እግሬን ሳላነሣ ሰማችኝ። ውሸት ነው ትያለሽ፤ እሷ ናት ውሸት ያደረገችው። በሚመጣው ጥር በባዶ እግሬ እመጣላታለሁ፣ ታያለሽ፣ ከደጃፋችን ተነሥቼ።»

እመጣለሁ ካለ ይመጣል፤ በሕይወት ካለ።

ከዚያ ብርጭቆውን ከጣቶቼ መሃል ቀስ አድርጎ አላቅቆ ወሰደና ወደ ባንኮኒው ዞረ።

«ዊልኪን፣ ለሁሉም ቅዳ፣ ለልጄም። ሚስቴ ደህና ናት።»

ዊልኪን ወደ እኔ ሳያይ ቀዳ።